ቶኩጂ የቀባው ወለል

ኑ፣ ቁጭ በሉ ልጆቼ። ጨርቃችሁን ጭመቁና ባልዲው ጠርዝ ላይ ስቀሉት፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ በሉ። አንተ ትንሹ፣ እግርህን ግድግዳው ላይ ወዳለው ትንሽ መቅደስ አትዘርጋ፤ አምላኩ ከላይ ሆኖ ያይሃል። እንዲህ። ሻዩ ትኩስ ነው፣ እፍ እያላችሁ ጠጡት።

ትናንት ከእናንተ አንዷ፣ "አያቴ፣ ከስም ጣውላዎቹ ግርጌ ያለው ወለል ለምን እንደ መስታወት ያበራል? ሌላው ለምን ፈዘዘ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም ጉልበቴን እያሸሁ "ነገ እነግራችኋለሁ" አልኩ። ይኸው ነገ ደረሰ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ጦርነቱ ከትምህርት ቤት አውጥቶ የወታደር ልብስ መስፊያ ቤት አስገባኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አይደለም፤ ያየሁትንና እኔው ራሴ ያጠፋሁትን ነው።

ይህን ዶጆ፣ ይህን የሰይፍ መማሪያ ቤት፣ የሠራው የአባቴ አባት ነው። ሰይፍ ታጥቆ ጌታ ማገልገል የቀረ ጊዜ፣ ቀለቡም ማዕረጉም ባንድ ቀን ተቋረጠበት። ጓደኞቹ ሰይፋቸውን ሸጠው ሱቅ ከፈቱ፤ ግማሾቹ ከሰሩ፣ ግማሾቹ ከበሩ። እሱ ግን ዋጋ ሲጠሩለት የሚያፍር ሰው ነበርና ንግድ አልሆነለትም። "እኔ የማውቀው ቀጥ ብሎ መቆም ነው፤ እሱኑ አስተምራለሁ" አለ ይባላል። የከተማው ሰው ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ረዳው። አናጢዎቹ እነዚህን ጣውላዎች ከተራራ አወረዱ። ድንጋይ ጠራቢዎቹ መሠረቱን ሰጡ። ሸክላ ሠሪዎቹ አሥራ አንድ ጋን አምጥተው፣ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ከወለሉ ሥር ቀበሩ፤ እግር ሲመታ ድምፁ እንደ ከበሮ እንዲያስተጋባ ነው። አንዳችሁ ተነስታችሁ ብትረግጡ ይሰማችኋል። አይ፣ አሁን አይደለም፤ ተቀመጡ።

ሙጫ ቀቢዎቹ ብቻ ምንም ሳይሰጡ ቀሩ። የኛ ከተማ የሚኖረው በሙጫ ቅብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከዛፍ የሚንጠባጠበውን ሙጫ ቀን ቆጥረው፣ ደርበው ደራርበው እየቀቡ፣ የእንጨት ሳህኑን፣ ትሪውን፣ ማበጠሪያውን ሁሉ የውሃ ፊት ያስመስሉታል። በአይዙ ተራሮች ሥር ሙጫ ያልነካው ክቡር ነገር የለም። የሰይፍ አዳራሽ ወለል ግን ራቁቱን ነው የሚኖረው፤ ባዶ እግር ባዶ እንጨት ይፈልጋልና። ስለዚህ ቀቢዎቹ በምርቃቱ ቀን የሾርባ ሳህን ይዘው መጡ፣ ሾርባው ተጠጣ፣ ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ። ይህ ነገር ሦስት ትውልድ ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ሳይብላላ የቀረ ይመስለኛል።

ዶጆ የድብድብ ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በኛ ከተማ ግን ልጅ ከሰው ጓሮ የካኪ ፍሬ ከሰረቀ፣ እናቱ ጆሮውን ይዛ የምታመጣው ወደዚህ ነበር። በመስኖ ውሃ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ሽማግሌ ሁሉ ሲያቅተው ያኔ የቤቱ መምህር የነበረው አባቴ የራስ ቁርና ጥሩር አልብሶ፣ የቀርከሃ ሰይፍ አስይዞ፣ እጃቸው እስኪዝል አማታቸው። ከዚያ አንድ ጨርቅ ሰጣቸውና "ወለሉን ወልውሉ" አለ። አንድ ጨርቅ ለሁለት ሰው። እየተሳደቡ ጀመሩ፤ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አይታወቅም። ወንዙ የሞላ ዓመት ደግሞ አርባ ቤተሰብ እዚህ ጎን ለጎን ተኝቷል።

ሁሉም ነገር የሚጀምረውም የሚያልቀውም በመወልወል ነው። ሁሉም በስሙ ተራ ይደረደርና፣ እጁን ጨርቁ ላይ ጭኖ፣ ቂጡን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ከታችኛው ጥግ ወደ ላይኛው ይሮጣል። "ከኋላ ሲታይ የዳኛውና የከሰል ሻጩ ልጅ አይለይም" ይል ነበር አባቴ።

አንድ ሌላ ልማድም አለ። እንደ ጎርፉ ያለ ችግር ካልመጣ፣ ወለሉን የሚረግጠው የሚሠለጥን ሰው ብቻ ነው። ወላጅ ይሁን እንግዳ፣ ከንቲባም ቢሆን፣ እዚያ ደፉ ላይ ተንበርክኮ ያያል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ይህን ልማድ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጋሽ ቶኩጂ ከሙጫ ቀቢዎቹ ሁሉ እጃቸው የተባረከ ነበር። ሚስታቸው በጊዜ ሞታባቸዋለች፤ የቀራቸው ሚኖሩ የሚባል አንድ ልጅ ነው። ከአባቴ ጋር አብሮ አደጎች ናቸው። ልጃቸው እዚህ ከገባበት ቀን ጀምሮ ግን አባቴን በስሙ "ጁንሱኬ" ማለቱን ትተው "የኔታ" ይሉት ጀመር። አባቴ ይቆጣል፤ እሳቸው አይሰሙም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየምሽቱ፣ እጃቸው በሙጫ እንደጠቆረ ይመጡና ደፉ ላይ ይንበረከካሉ። አንድ ቀን እንኳን ጣታቸው ወለሉን አልነካም።

ሚኖሩ በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በውልወላ ሩጫ ሁልጊዜ ይቀድመኛል፤ ከቀደመኝ በኋላ ዞር ብሎ ምላሱን ያወጣብኛል። አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ከባዱን የእንጨት ሰይፍ አምልጦት ጫፉ ወለሉን ነቀሰው። የጥፍር ያህል ስንጥር ተነሳና ጉድጓድ ሆነ። አናጢዎቹ ሊደፍኑት ሲሉ አባቴ "ተዉት፣ ሲወለውል ይየው" አለ፤ ሚኖሩንም ወር ሙሉ ብቻውን አስወለወለው። ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ጦርነት ሄደ፤ አልተመለሰም። አፅሙ ነው ተብሎ የመጣው የእንጨት ሣጥን ነው። ጋሽ ቶኩጂ ሲከፍቱት ውስጡ አንድ ጠጠር ብቻ ነበር።

እነዚያ ግድግዳው ላይ የምታዩአቸው ትናንሽ ጣውላዎች፣ የተማሪ ሁሉ ስም በቀለም ተጽፎባቸው በማዕረግ ተራ የተሰቀሉት፣ ያኔም ነበሩ። ከጦርነቱ ሰባት ሰው ቀረብን። አባቴ የሰባቱንም ስም አላወረደም። የልጁ የሚኖሩ ስም ከመጨረሻው ሦስተኛ ነበር።

ከዚያ ያሸነፉን የውጭ ሰዎች ሰይፍ መማር ከለከሉ። ሰይፎቹ ተወሰዱ፣ አዳራሹ የከሰል መጋዘን ሆነ። ጆንያ እስከ ጣሪያ ተቆለለ። አባቴ ግን በየማለዳው እየመጣ፣ ጆንያ ያልሸፈናትን አንዲት መተላለፊያ ይወለውላል። ጠዋት ወልውሎ ማታ ጥቁር ናት።

"አባባ፣ ማንም የለም እኮ። ለማን ነው የምትወለውለው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ማንም እንደሌለ ወለሉ አያውቅም" አለኝ።

ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። በስምንተኛው፣ ክልከላው ከተነሳ በኋላ፣ አባቴ በገበያው መሃል ማስታወቂያ ለጠፈ። ታላቁ ብርድ የሚባለው ወቅት ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ እንደ ድሮው የብርድ ሥልጠና ይደረጋል የሚል ነው። አርባ ሰው ተመዘገበ። ያገቡ፣ የወለዱ፣ ከጦርነት የተመለሱ፤ ከተማው ሁሉ ስለዚያ ቀን ብቻ ያወራ ነበር። ከሰሉም ተነስቶ አዳራሹ ባዶ ሆነ፤ ወለሉ ግን እንደ ምድጃ ጀርባ ጠቁሯል። የአባቴ ጉልበት ደግሞ አላስቆመው አለ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ሁለት ሳምንት ፍል ውሃ ተቀመጥ አሉትና፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ ሄደ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።

አባቴ በሄደ ማግስት ጋሽ ቶኩጂ መጡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በር ላይ ቆሙ።

"ኪኑ ልጄ፣ ቁልፉን ታበድሪኛለሽ?"

"ለምን ፈለጉት ጋሼ?"

"የኔታ እስኪመለሱ ወለሉን ላሳምርላቸው። ስለ ሚኖሩ ብዬ ነው።"

ስለ ሚኖሩ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ሰጠኋቸው። ያጠባሉ መስሎኝ ነው። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሳደርስላቸው መስኮቱን ሁሉ በወረቀት አሽገውታል። በሩን በጣት ስፋት ከፍተው፣ "አቧራ እንዳይገባብኝ፤ ምሳውን እዚያው ተይልኝ" አሉ። በስንጥቁ ያየሁት በማንደጃ የሚነድ ከሰልና በገመድ የተሰጣ እርጥብ ጨርቅ ነው። በሦስተኛው ቀን የእጄ አንጓ ያሳክከኝ ጀመር፤ በአራተኛው ፊቴ እንደ ሩዝ ቂጣ አበጠ። የዚህ ከተማ ልጅ ጥሬ ሙጫ ሲነካው እንዴት እንደሚያብጥ ያውቃል። እርጥብ ጨርቅና ሙቀትም ሙጫ ለማድረቅ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን "የስም ሰሌዳውን ፍሬም ነው የሚቀቡት" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሰው ማወቅ ያልፈለገውን ነገር፣ አፍንጫው ላይ ቢቀቡለትም አያውቀውም።

አባቴ ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ተመለሰ። ከጣቢያው ቀጥታ ወደ ዶጆ መጣን፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ ታላቅ የሆነው አናጢው ቶራኪቺም የአባቴን ሻንጣ ተሸክሞ አብሮን ነበር። ጋሽ ቶኩጂ በክብር ልብሳቸው ደፉ ላይ ተንበርክከው ይጠብቁናል። በሩን ራሳቸው ከፈቱት።

ልጆቼ፣ እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ወለሉ የለም፤ ሐይቅ ነው ያለው። የጣሪያው ወራጆች አንድ በአንድ ተገልብጠው ውስጡ ይታያሉ። ቡናማ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ከውስጡ ቀይ ያበራል። የከሰሉ እድፍ የት እንደገባ እንጃ። አምስት ጊዜ ቀብተውታል፤ አርባ ሰው የሚያሠለጥን አዳራሽ፣ ጉልበታቸው ላይ ሆነው፣ ብቻቸውን።

አባቴ ካልሲውን አወለቀ፣ እጅ ነሳና አንድ እርምጃ ገባ። ሁለተኛውን ሲያነሳ እግሩ ከሥሩ ሄደበትና በቂጡ ቁጭ አለ። ጋኖቹ ድው አሉ።

ቶራኪቺ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ጋሽ ቶኩጂ ማንም ምንም ሳይላቸው ገባቸው። ፊታቸው አመድ ሲመስል አየሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ወለል አይተውታል፤ ሲቀቡትም በጉልበታቸው እየዳኹ ነው፤ በባዶ እግር ግን አንድ ቀን ቆመውበት አያውቁም። በዓይን ነው የሚያውቁት። እግር ምን እንደሚፈልግ ከየት ያውቁታል?

"እኔ..." አሉ። ግንባራቸውን ደፉ ላይ አስነክተው ተነሱና በበረዶው ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

"የኔታ፣ መላጊያዬን ላምጣ" አለ ቶራኪቺ። "ሌሎቹን አናጢዎች ጠርቼ ነገ ከጠዋት እስከ ማታ ከላግነው ያልቃል። ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ እንጀምራለን። አርባ ሰው ሰባት ዓመት ጠብቆ፣ ለሥልጠና ነው እንጂ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት አልተመዘገበም።"

"ጣውላው ይችላል?" አለ አባቴ።

"ትንሽ ይሳሳል። ቢሆንም ይችላል።"

አባቴ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ አለና ጣቱን አስቀመጠ። "ኪኑ፣ ነይ እዪ።"

ያቺ ሚኖሩ በእንጨት ሰይፉ የነቀሳት ጉድጓድ ናት። ጋሽ ቶኩጂ ወለሉን ሁሉ ሲሞሉት፣ ስንጥቁን ሁሉ ሲደፍኑት፣ እሷን አልደፈኗትም። ዙሪያዋን በቀጭን ብሩሽ ዞረው፣ ከንፈሯን ብቻ ቀብተው፣ ውስጧን እንዳለች ትተዋታል።

"መላጊያው ይህችን ይወስዳታል?" አለ አባቴ።

ቶራኪቺ አየ። አንገቱን አከከ። "ይወስዳታል" አለ።

ማታ እራት ላይ አባቴ በጨው የተቀመጠውን ፍጅል ብቻ እያኘከ፣ ሩዙን ሳይነካው ቀረ። እኔም መሸከሙ አቃተኝና ቁልፉን እኔ እንደሰጠሁ፣ ፊቴ ሲያብጥ ጠርጥሬ ዝም እንዳልኩ ነገርኩት።

"ስለ ማን ብሎ ነው የጠየቀሽ?"

"ስለ ሚኖሩ።"

"እንግዲያ ማን እምቢ ይላል?" አለ። ቆይቶም፣ "ፊትሽን ግን የሸርጣን ውሃ ቀቢው፤ ከነገ ወዲያ አርባ ሰው ሊያይሽ ነው" አለኝ። የከተማችን የሙጫ መድኃኒት እሱ ነው፤ ይሸታል እንጂ ያድናል።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን ፍለጋ ዶጆ ስመጣ፣ ወለሉ መሃል ተቀምጦ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። እንደማንኛውም ቀን። ቶራኪቺ ደፉ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ጋሽ ቶኩጂ ከኋላዬ ደረሱ። ሌሊቱን ያልተኙ ይመስላሉ፤ በብብታቸው መላጊያና መፋቂያ ይዘዋል።

"የኔታ" አሉ ደፉ ላይ ተንበርክከው፣ "ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ልፋቀው። ሌላ ሰው አይንካብኝ። ይህችን ብቻ ይፍቀዱልኝ።"

"መላጊያውን አስቀምጥና የምጠይቅህን መልስልኝ" አለ አባቴ። "ይህ ነገር በራሱ ይለቃል?"

"በእጅ አይለቅም። በውሃም አይለቅም። የእኔ ቅብ ነው" አሉ። በዚያ ሐዘን ውስጥ እንኳን ትንሽ ኩራት ነበረችበት።

"በእግርስ?"

ጋሽ ቶኩጂ አሰቡ። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ድምፃቸው ይመለሳል። "ተረከዝና የጣት ሥር ቀስ በቀስ ይበላዋል። አሥር ዓመት። ሃያም ሊሆን ይችላል። ሰው የሚበዛበት ቦታ ቶሎ፣ ሰው የማይረግጠው መቼም።"

"እስከዚያ ሰው በምን ፍጥነት ይሄድበታል?"

"በረዶ ላይ እንዳለ በሬ።"

"ጥሩ" አለ አባቴ።

"ምኑ ነው ጥሩ?" ቶራኪቺ አላስቻለውም። "የኔታ፣ ፍል ውሃው ወደ ራስዎ ወጣ እንዴ?"

"ነገ አርባ ሰው ይመጣል። ሁሉም ሰባት ዓመት ሙሉ በልቡ ሲማታ የኖረ ነው። ከጦርነት ያመጣውን ያመጣ አለ፣ ለማንም ያልነገረውን የያዘ አለ። አንተን ነገ ደረቅ ወለል ላይ ብለቅህ፣ በመጀመሪያው ጩኸት የሰው ትከሻ ትሰብራለህ።"

"እኔ?"

"አንተ።"

ቶራኪቺ እኔን አየኝ፣ እንድከላከልለት። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ዘንድሮ መዝለል የለም፣ ወለል መምታት የለም" አለ አባቴ። "ዳሌ ዝቅ፣ እግር ሳይነሳ እየተንሸራተተ። የቸኮለ ሰው ይወድቃል፤ እኔ ከምጮህበት ወለሉ ቢነግረው ይሻላል። አባቴ ይህን ቤት የሠራው ቀጥ ብሎ መቆምን ላስተምር ብሎ ነው። መቆም እንዲህ ከባድ የሆነበት ወለል አግኝቼ አላውቅም።"

ጋሽ ቶኩጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስለ እኔ ብለው ነው። እንደዚያ ከሆነ አልቀበልም።"

"ስለ አንተ ብዬ ነው፤ የተናገርኩትም እውነት ነው። ሁለቱም ባንድ ላይ እውነት መሆን ይችላሉ።" አባቴ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀ። "ግን አንድ ነገር ትከፍለኛለህ። የቀባኸውን አታውቀውም። ካልሲህን አውልቅ።"

"ለቅብ ሥራ ገባሁ እንጂ እኔ የሚሠለጥን ሰው አይደለሁም የኔታ። ልማዱ..."

"ልማዱ የሚወለውል ሰው ይግባ ነው የሚለው። ከመወልወል በፊት የሚጀመር ሥልጠና አይተህ ታውቃለህ? ስድስት ዓመት ከደፍ ላይ ስታይ ምን ስታይ ነበር?"

ቶራኪቺ አባቴን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ አንዳች ነገር እያጉተመተመ ከመደርደሪያው ጨርቅ አወረደ፣ ነከረ፣ ጨምቆም በሁለት እጁ አቀረበላቸው። "ይያዙ ጋሽ ቶኩጂ። ነገ ስወድቅ ግን እርስዎ ያነሱኛል።"

ካልሲያቸውን አወለቁ። እግራቸው ነጭ ነው፣ የልጅ እግር የመሰለ፤ እጃቸው ግን ሙጫ የጠጣ ጥቁር። አንድ እርምጃ። ቆሙ።

"ይቀዘቅዛል" አሉ።

"ይቀዘቅዛል" አለ አባቴ።

እየተንሸራተቱ፣ ሁለት ጊዜ ሊወድቁ ሲሉ በእኔ ትከሻ ተይዘው፣ የስም ጣውላዎቹን ተራ እያዩ ሄዱ። ከመጨረሻው ሦስተኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ ተንበረከኩና ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጉ። ማንም አላሳያቸውም፤ ስድስት ዓመት ከደፍ ላይ ያዩት እሱን ቦታ ነው። እኔ ከጎናቸው፣ የድሮ ቦታዬ ላይ ተንበረከክሁ። ቶራኪቺ ከኔ ወዲያ። አባቴ ጉልበቱ እንደዚያ ሆኖ ራስጌው ላይ።

"ሂዱ" አለ።

ሮጥን ልበላችሁ? ዳኸን ይሻላል። ጋሽ ቶኩጂ ጥጉ ጋ ከሁላችንም በፊት ደረሱ፤ ያንሸራትታል፣ ሥራቸው ነው፣ ያውቁታል። ደርሰውም ዞር ብለው አዩኝ። ምላሳቸውን አላወጡም። እኔ ግን ያወጡ ያህል ሆነብኝና አለቀስኩ፤ ላብ ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አርባ ሰው በበረዶው ውስጥ ፋኖስ ይዞ መጣ። አባቴ ወለሉን ማን እንደቀባው፣ ስለ ማን እንደሆነ ነገራቸው። ሁሉም ወለሉ ላይ እጅ ነሳ። ያን ቀን ያልወደቀ ሰው አልነበረም። ቶራኪቺ ሰባት ጊዜ ወደቀ። በየመውደቁ "ጋሽ ቶኩጂ!" ብሎ ይጠራል፣ እሳቸውም ከጥጉ ተነስተው ቀስ ብለው እየተንሸራተቱ መጥተው እጃቸውን ይሰጡታል፤ አንድ ጊዜ ሁለቱም ወደቁ። ከጦርነቱ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፉ ያልወጣ አንድ ሸማኔ ነበር፤ እሱ በዚያን ጊዜ ሲስቅ ሰማነው። በአሥረኛው ቀን ጣፋጩን የቀይ ባቄላ ሾርባ ስንጠጣ ማንም አጥንቱ አልተሰበረም። ሳህኖቹን ያመጡት ሙጫ ቀቢዎቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አልወሰዷቸውም፤ አሁን ሻይ የምትጠጡበት እሱ ነው።

ጋሽ ቶኩጂ ከዚያች ማለዳ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ወለወሉ። የቀርከሃ ሰይፍ አንድ ቀን አልያዙም። ሲሞቱ አባቴ ስማቸውን በጣውላ ጻፈና ከልጃቸው ከሚኖሩ ስም ጎን ሰቀለው፤ ማዕረግ በሚጻፍበት ቦታ "የወለወለ" ብሎ ብቻ ጻፈ። ሌሎች ከተሞች ውድድር ስንሄድ "የእናንተ እግር ድምፅ የለውም፣ ማን አስተማራችሁ?" ይሉናል። ቶራኪቺ እስኪሞት ድረስ መልሱን ለመናገር የሚቀድመው አልነበረም።

ሙጫውን እግር በላው፤ እሳቸው እንዳሉት፣ ሰው የበዛበት ቦታ ቶሎ። አሁን መሃሉን ተመልከቱት፤ የፈዘዘው ሁሉ የሆነ ሰው እግር ነው። የቶራኪቺ አለ፣ የአባቴ አለ፣ የኔም አለ። ማንም የማይቆምበት፣ ከስሞቹ ግርጌ ያለው ብቻ እንደተቀባ ቀርቷል። ለዚህ ነው የሚያበራው።

ሻያችሁን ጨርሱ እንግዲህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ነገ ጨርቃችሁን ይዛችሁ ስትሮጡ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከእጃችሁ ሥር አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ትሰማችኋለች። ከተቀዳደማችሁም ተቀዳደሙ፣ አልከለክልም። እዚያ ላይ ስትደርሱ ግን እጃችሁን ትንሽ ቀለል አድርጉና፣ አንድ ልጅ፣ ከዓመታት በኋላም አባቱ፣ በዚያው ቦታ ላይ እንደወለወሉ አስታውሱልኝ።